ከሦስት ካርታ ወደ አሥር፦ ኬልቲክ ክሮስ ላይ መልሱ ለምን ይበታተናል?

የሐዋሳ ልጅ፦
ታሮትን፣ ዕድል የሚነበብበትን ባለሥዕል ካርታ፣ በሦስት ካርታ (ያለፈው፣ ያለው፣ የሚመጣው) ማንበብ አያስቸግርም። ባለአሥር ካርታው አዘረጋግ፣ ኬልቲክ ክሮስ፣ ሲዘረጋ ግን አሥር የተለያየ ወሬ እንጂ አንድ መልስ አይወጣም። ደግሞ አንዱ መመሪያ ሦስተኛዋን ከላይ፣ ሌላው ከታች ያስቀምጣል። የቱን ልያዝ? ካርታው እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ራይደር ዌይት የሚባለው ነው።

ታቦር ማዶ፦
ወንድሜ፣ አንዱን ያዝና ሳትቀያይር ቆይ። ጉዳት ያለው መቀያየሩ ላይ ነው። የካርታህ አዘጋጅ ዌይት እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው አዘረጋግ 1 መሃል፣ 2 በላይዋ አግድም፣ 3 ከላይ፣ 4 ከታች፣ 5 ከኋላ፣ 6 ከፊት ናቸው። ከ7 እስከ 10 ያሉት በቀኝ በኩል ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፦ ጠያቂው፣ ቤቱና አካባቢው፣ ተስፋውና ፍርሃቱ፣ ፍጻሜው። "ከኋላ" ሁልጊዜ ግራ ማለት እንዳይመስልህ። ዌይት ጠያቂውን የሚወክል ካርታ መጀመሪያ መሃል ያኖራል፤ ሥዕሉ ፊቱን ያዞረበት ወገን "ፊት" ይሆናል። ያንን ካርታ ከተውከው የቱ ወገን ፊት እንደሆነ ሳትበውዝ ወስን።

የሚበታተንብህ ከ1 እስከ 10 በተራ ስለምታነብ ነው። መጀመሪያ 1ን ከ2 ጋር፦ ጉዳዩና መሰናክሉ። ቀጥሎ 5፣ 1፣ 6ን በአንድ መስመር እይ፤ የለመድካት ባለሦስት ካርታ እዚያው ውስጥ ተቀምጣለች! 3ን ከ4፣ 7ን ከ8 አነጻጽር። 10ን ከ9 ሳታገናዝብ አትናገር፤ ፍጻሜው የተፈራው ነገር ራሱ ሊሆን ይችላል።

ቁጠርም። ከ78ቱ ካርታዎች 22ቱ ሜጀር አርካና (እንደ ፀሐይ ያሉ ዋና ዋናዎቹ) ስለሆኑ አሥር ካርታ ላይ ሦስት ያህል ቢወጡ የተለመደ ነው፤ ስድስት ከወጡ ግን ልብ በል። የቀሩት አራት ምድቦች፣ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም፣ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ገደማ ይደርሳቸዋል።

ቀይ ስኒ፦
ወደ አሥሩ ከመዝለልህ በፊት ባለአምስት ካርታዋን የመስቀል አዘረጋግ ልመድ፤ ባለሰባቷን የፈረስ ኮቴ አዘረጋግ በኋላ ትደርስባታለህ። የየቦታውን ትርጉም ካርታ ሳትገልጥ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከገለጡ በኋላ ቦታን ለካርታው እያመቻቹ መተርጎም ሞራ ገላጭም አይፈቅደውም። ስትገልጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ገልብጥ፤ ከታች ወደ ላይ ካገላበጥካት ቀጥ ያለችው ተዘቅዝቃ ትወጣለች። አልገባኝም እያሉ ተጨማሪ ካርታ መምዘዝም ይቅርብህ፣ ቢበዛ አንድ።

ቦታም አስብ። ካርታው 12 በ7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የቀኙ ረድፍ ብቻ 48 ነው፤ ከክፍተቱ ጋር 55 በ40 ያህል ጠረጴዛ ያስፈልግሃል። ረከቦት ላይ አይሞከርም። ፍቅር ሐይቅ ዳርም አትዘርጋ፣ ነፋሱ ከአንተ ቀድሞ ይበውዘዋል።

ዝምተኛው፦
ይሄ ጥንቆላ አይደል እንዴ?

ታቦር ማዶ፦
በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ሲጀመር የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ሟርቱ በሰፊው የተያያዘበት በ18ኛው መጨረሻ ፈረንሳይ ላይ ነው። ማመን አለማመኑ ያንተ ነው፣ እዚህ የተጠየቀው አዘረጋጉ ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦
እናመሰግናለን። ሁለተኛዋ ጥሩ ካርታ ብትሆንስ? ፀሐይ የምትባለው ካርታ እንዴት መሰናክል ትሆናለች?

ቀይ ስኒ፦
ሁለት መንገድ አለው። ወይ እንቅፋቱ ቀላል ነው፣ ወይ በራሱ ጥሩ የሆነ ነገር ለዚህ ጉዳይ አይበጅም። የቱ እንደሆነ ከ1 ጋር አያይዘህ ለይ። አግድም ስለተኛች ግን ተዘቅዝቃለች አትበል፤ ሁልጊዜ እንደ ቀጥ ያለች ነው የምትነበበው።