በሕንድ ውቅያኖስ ወለል ላይ ያለው ሰንሰለት ለምን ቀጥ አለ?

ጥያቄ፦
በ90 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ግድም፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ውስጥ ተራራ ሰንሰለት በካርታ ላይ አየሁ። እንዲህ ቀጥ ሊል የቻለው እንዴት ነው?

መልስ 1፦
የሕንድ ሳህን (ሕንድንና በዙሪያዋ ያለውን የባሕር ወለል የተሸከመው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ) ወደ ሰሜን ሲጓዝ የተወው አሻራ ነው። ሳህኑ በከርጌለን ትኩስ ነጥብ (ከምድር ጥልቅ ቅልጥ ዐለት ለረጅም ዘመን የሚወጣበት ቦታ) ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ ከሥር የሚወጣው ቅልጥ ዐለት እሳተ ገሞራዎችን በተራ ስለደረደረ፣ በቁፋሮ የወጣው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የሚፈጠር ጥቁር ዐለት) ዕድሜ በደቡብ ከ40 ሚሊዮን ዓመት ግድም ተነሥቶ በሰሜን ወደ 80 ሚሊዮን ይጠጋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ፣ ከናሙናዎቹ በአንዱ ቡናማ የድንጋይ ከሰል መገኘቱ ነው፤ ዛሬ የሰጠመው የሰንሰለቱ አናት በአንድ ወቅት ዕፅዋት የበቀሉበት ደሴት ነበር ማለት ነው።

መልስ 2፦
ሰሜናዊው ጫፍ ከካርታው የሚጠፋው ግን ስላለቀ ሳይሆን፣ ጋንጅስና ብራህማፑትራ ከሂማላያ ጠርገው ያመጡት ደለል ስለቀበረው ነው።