ሬዲዮ ያቀፈው ሰውዬ ያለበት የህንድ ፊልም ስሙ ማን ነበር?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። ሐዋሳ ባጃጅ ነው የምሠራው። እናቴ ሰሞኑን አንድ ፈዋሽ ነኝ ባይ ጋ መመላለስ ጀምራለች። ለጉልበቷ ብሎ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ዘይት ሰጥቷት 1500 ብር ተቀበላት። አሸተትኩት፤ የምግብ ዘይት ነው። እሷ ቡፌው ላይ ከአባቴ ፎቶ ጎን አስቀምጣዋለች። ትንፍሽ ካልኩ «አፍህን ያዝ!» ነው መልሷ።

የህንድ ፊልም ግን ነፍሷ ነው። ድሮ ያየሁት አንድ ነበር፤ ጆሮው የቆመ፣ ሬዲዮ ያቀፈ ሰውዬ ከአጭበርባሪ ጉሩ ጋር የሚፋጠጥበት። ስሙ ማነው? ትርጉምስ አለው?

ፍላሽ ጫኚው፦
«ፒኬ» ነዋ! በፈረንጆች 2014 የወጣ፣ የአሚር ካን። ሰውዬው ከሌላ ፕላኔት ነው የመጣው። መንኮራኩሩን የሚጠራባትን ሪሞት ራጃስታን ላይ ሌባ ከአንገቱ መንትፏት ይሮጣል። ዞራ ዞራ ጉሩው እጅ ትገባለች፤ እሱ ደግሞ «ከአምላክ የመጣች ናት» ይላል።

ምንም ባታሳያት የኮሌጇን ቦታ አሳያት። ፒኬ ግቢው ውስጥ ተራ ድንጋይ ያቆማል። ቀይ ያስነካዋል። ሳንቲም ጣል ጣል ያደርግበታል። ከዚያ ዳር ይዞ ያያል። ፈተና ያለበት ተማሪ እየመጣ ይሰግዳል፣ ብር ይጥላል። ሱቄ ውስጥ ስንቴ እንዳየኋት!

ሐይቅ ዳር፦
1500? አክስቴ 4000 ነው የከፈለችው። ያውም ለውሃ።

የአረብ ሰፈሯ፦
ልጄ፣ «ፒኬ» ያፌዛል። ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ፌዝ አይሆንም። «ጋይድ»ን ፈልግላት፣ የ1965ቱን፣ ዴቭ አናንድ የሠራበትን። ከእስር የተፈታ ሰው መድረሻ አጥቶ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይተኛል። አንድ መንገደኛ ባህታዊ ልብሱን ጣል ያደርግበታል። ሲነጋ ገበሬው ያየውና በቃ፣ ቅዱስ ተገኘ! እሱ እኮ ቅዱስ ነኝ አላለም። ምግቡ ሲመጣለት ግን ዝም አለ። ኋላ ድርቅ ገባ፤ መንደሩም 12 ቀን ጾሞ ዝናብ ያመጣልናል ብሎ አመነ። ያኔ ፊቱን ማየት ነው! ለገበሬው ጉዱን ሁሉ ቢዘረግፍለትም ማን ሰምቶት።

የታቦር ልጅ፦
የአረብ ሰፈሯ እናት፣ ምክርዎን ሰምቼ «ጋይድ»ን ለእናቴ አሳየኋት። ትርጉም ስላጣሁ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ አስተርጓሚው እኔው ሆንኩ። 3 ሰዓት ሙሉ! ጉሮሮዬ ደረቀ። ዝናቡ ሲወርድ አለቀሰች። ገባት ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ «አየህ? ዘነበለት!» አለችኝ።

ምን ልበላት? ዝም አልኩ።

ትናንት ማታ ስገባ ግን ሃይላንዱ ከቡፌው ወርዶ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ግማሽ ሆኗል። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። ምንም አልጠየቅኳትም፤ ወጡ ግን ጣፍጦ ነበር።