መሪው ረጅም ኩርባ ላይ ለምን ይደነዝዛል?

ሰላም ወገኖች። የሲም ሬሲንግ (በኮምፒውተር የሚደረግ የመኪና ውድድር) ሴቲንግ የሚገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ።

የምነዳው አይሬሲንግ የሚባለው ጨዋታ ላይ ጂቲ3 የሚባል የውድድር መኪና ነው። መሪዬ በቀበቶ የሚሠራ ነው፤ ዳይሬክት ድራይቭ (ሞተሩ በቀጥታ መሪው ላይ የተገጠመ) አይደለም። መዞሪያው 900 ዲግሪ ነው። ቀስ ባሉ ኩርባዎች ላይ ደህና ነው። ስፓ ፍራንኮርሻምፕ የሚባለው የውድድር ትራክ ላይ ፑኦን የሚባለው ኩርባ ጋ ስደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ያ ኩርባ ረጅምም ፈጣንም ነው። መሪው ይከብድና እዚያው ይደርቃል። የፊት ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ቀለል ማለት ነበረበት፤ ምንም አይነግረኝም። የመንገዱን ጠርዝ ብረግጥ እንኳ እጄ ላይ አይሰማኝም። ስክሪኑ ላይ ያለው የኃይል መለኪያም በዚያ ሰዓት ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ክሊፒንግ ይመስለኛል፤ ከጨዋታው ወደ መሪው ሞተር የሚላከው ኃይል ከመሪው አቅም በላይ ሆኖ ጫፉ እየተቆረጠ ነው።

ጨዋታው ውስጥ ኃይሉን ስቀንስ ቀዩ ይጠፋል። ግን መሪው መሃል ላይ ሙት ይሆናል። ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናው ሲወላወል ዘግይቼ ነው የማውቀው። ያስጨነቀኝ ይሄ ነው፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

እንደኔ ደካማ መሪ ያላችሁ ሰዎች የቱን መረጣችሁ? የመሪውን ሶፍትዌር 100 ፐርሰንት ላይ ትቼ ጨዋታው ውስጥ ብቻ ልቀንስ? ሚኒመም ፎርስ የሚለውን (መሪው የሚሰጠውን ትንሹን ኃይል) ትንሽ ከፍ ባደርገውስ መሃሉ ነፍስ ይዘራል ወይስ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል?

የዩኤስቢ ገመዱ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የተሰካው፤ በዚያ በኩል አትጠርጥሩ። አዲስ መሪ መግዛት አሁን አልችልም። የምትጠቀሙበትን ሴቲንግ ከነቁጥሩ ብትጽፉልኝ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።