ንጋት ላይ ብቻዬን ስሮጥ ስለሚገጥመኝ ስጋት ምክር እሻለሁ

የምኖረው አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሲሆን፣ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ለመሳተፍ ልምምድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሥራ የምገባው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሆነ፣ ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለመውጣት ተገድጃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አምስት የሚሆኑ ባለቤት አልባ ውሾች ከቆሻሻ ገንዳ ጀርባ ወጥተው ከበቡኝ። ደንግጬ ስሮጥ ይበልጥ ተከተሉኝ፤ ቆሜ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ስል ግን አፈገፈጉ። ባይነክሱኝም፣ ንክሻ ቢደርስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለማግኘት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ እንደሚያስፈልግ ስለማውቅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አልረጋም። እናቴ ዱላ ይዤ እንድወጣ ትወተውተኛለች፤ ዱላ ይዞ 8 ኪሎ ሜትር መሮጥ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

አስፋልቱን ስመርጥ ደግሞ የመንገድ መብራት በሌለባቸው ቦታዎች አሽከርካሪዎች አያዩኝም። ነጭ ልብስ እለብሳለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ ትቻለሁ፣ መኪኖቹ ፊት ለፊት እንዲታዩኝም በግራ በኩል እሮጣለሁ። ወደ እንጦጦ ጫካ ብቻዬን መውጣቱን፣ ጅቡም ሰዉም ስለሚያሰጋኝ፣ አላስበውም።

በዚህ ሰዓት የምትሮጡ፣ በተለይም ሴቶች፣ ውሾችን ያለ ዱላ የምታርቁት እንዴት ነው? ጃንሜዳ ወይም መስቀል አደባባይ በማለዳ አብሬያቸው ልሮጥ የምችል ጀማሪዎችስ ይገኛሉ?