የባሕር ዳር ጉዟችን፦ ሁላችንም የምንገባባቸው ቦታዎች ይቅደሙ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የባሕር ዳር ጉዞ ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። የመጀመሪያው ረቂቅ የጣና ደሴት ገዳማቱን ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን፣ እንዲሁም የጢስ አባይን ፏፏቴ ይዟል። ቦታዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ክብራንም ዳጋም ሴት አይገባባቸውም። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ እናከብረዋለን። እኛ ግን ግማሻችን እናቶችና እህቶች ነን። እኩል አዋጥተን ሄደን ግማሹ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ የማኅበር ጉዞነቱ ምኑ ላይ ነው?

የእኔ ሐሳብ ሐይቁ ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ዋናው ይሁን ነው። ከጀልባ ወርደን በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ትንሽ እንደሄድን ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደርሳለን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። በላኤ ሰብም እዚያ አለ። 78 ነፍስ አጥፍቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው ማለት ነው። በየዓመቱ የካቲት 16 የምንሰማውን ታሪክ እናቶቻችን ከልጆቻቸው ጋር ቆመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ከባሕር ዳር ያለች አባል፦
እውነትህን ነው ወንድሜ። እኔ እዚሁ ስለምኖር ስለ ሰዓቱና ስለ ወሩ ልናገር። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። ሕፃናትና አዛውንቶች ስላሉ በጠዋት ገብተን ለምሳ ብንመለስ ይሻላል።

ጢስ አባይ ደግሞ ወር ይመርጣል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ወደ 40 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። ሙሉ ሲሆን ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ጠጋ ያለ ሰው ልብሱ ይረጥባል። በበጋ ግን ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፣ ከቀረውም ብዙው ለመብራት ማመንጫ ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫም የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። ረቂቁ «በትንሣኤ ሰሞን» ይላል። እባካችሁ ይቀየር! ያኔ የሚመጣ ሰው ባብዛኛው ገደሉን አይቶ ነው የሚመለሰው። ጥቅምት መጀመሪያ ይሁን። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ውሃው ገና አልጎደለም።

ሌላም አለ። ወደ ፏፏቴው ሲኬድ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ እንሻገራለን። መንገዱ ያዳልጣል። ታኮ ጫማ አድርጎ የሚመጣ እንዳይኖር ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ።

አንድ አዛውንት አባል፦
ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ዳጋን ዝም ብላችሁ አትሰርዙብኝ። የአፄ ዳዊት፣ የዘርዓ ያዕቆብ፣ የፋሲል አፅም ያለበት ደሴት ነው። እኔ ሳላየው እንዳልሞት።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ያዩታል። ዳጋ ግን ሐይቁ መሐል ነው፤ ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይወስድብናል። ለብቻው ሌላ ጊዜ ይታሰብ። ለአሁኑ ክብራንን ላስታርቅ። እንጦስ ኢየሱስ የተባለው ደሴት አጠገቡ ነው፣ እዚያ ሴቶች ይገባሉ። አባቶች ክብራን ሲወርዱ እናቶች እንጦስ ይሳለማሉ። የሚጠብቅም የሚጠበቅም አይኖርም። ይስማማዎታል?

አዛውንቱ፦
ይስማማኛል። ተባረክ።

አንዲት እናት፦
እኔ ጉልበቴ ዳገት አይወድም። የደብረ ማርያም ደሴት ይጨመርልኝ። ከከተማው ቅርብ ነው፣ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ። ዕድል ከቀናን ልጆቹ ጉማሬ ያያሉ። ሲመለሱም በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር ድልድይ ያሳዩን፤ እስካሁን በቴሌቪዥን ብቻ ነው ያየሁት።

አንድ አደራ አለኝ። ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎች ፎቶ አንስተን ብቻ እንዳንሄድ። ደንገሉን፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ሸምበቆ መሰል ተክል፣ በእቅፍ በእቅፍ አስረው፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሰው ሲያጠብቁት ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥራው አያልቅም። ለየልጆቻችን ትንንሾቹን ታንኳዎች ከእነሱ እንግዛ። የዘጌን ቡናም ከአርሶ አደሩ።

ገንዘብ ያዥ፦
እትዬ ልክ ነዎት። ለዚህ የተለየ መደብ እይዛለሁ። ጀልባው ላይ አጥብቄ የምለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ በርካሽ ቢገኝም አንይዝም። ዋጋው ከመነሳታችን በፊት በጽሑፍ ይቆረጥ። ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ባንገባ ጥሩ ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ ይበላል አይበላም ስንከራከር ምሳው ይበርዳል።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ እንነሳለን። እንጅባራ ከመድረሳችን በፊት ዘንገና ሐይቅ ወርደን እግራችንን እናፍታታለን። እሑድ ጠዋት እንጦስና ክብራን፣ ከዚያ ደብረ ማርያም፣ ከምሳ በኋላ ድልድዩ። ሰኞ ማለዳ ዘጌ፣ ከሰዓት ታንኳ ሠሪዎቹ ጋ። ማክሰኞ ጢስ አባይ ደርሰን ወደ ቤት። የአባይን ምንጭ፣ ግሽ አባይን የጠየቃችሁ አላችሁ። ጠበል ስለሆነ ሳይበላ ነው የሚኬደው፤ ከሕፃናት ጋር ይከብዳል ብዬ ትቼዋለሁ። ቀኑ የሚቆረጠው የመንገዱ ሰላም ከተጣራ በኋላ ነው፤ ይህን ሰብሳቢያችን ይከታተሉ።

የቀረው የማደሪያው ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ዘመድ ያላችሁና እዚያ የምታድሩ እስከ ሐሙስ ስማችሁን ላኩልኝ። አልጋ የምንይዘው ለቀሩት ብቻ ነው።