ቴርሞስታቱ የወጣለት ዲኤክስ ቤንዚን ይበላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ባለ 4ኬ ሞተር፣ ካርቡሬተር። አዲስ አበባ ውስጥ ነው የምትነዳው። ሞተሩ ይግል ስለነበር ጋራዥ ውስጥ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥተው ጣሉት። አሁን የሙቀት ጌጁ ከሩብ አያልፍም፤ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር የምትሄደውም ወደ 9 ወርዳለች። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ 1፦ በደንብ ይገናኛሉ። ቤንዚን በደንብ የሚነደው ተኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ማኒፎልዱ (ድብልቁ ወደ ሲሊንደር የሚገባበት ቱቦ) እና ሲሊንደሩ ከቀዘቀዙ ከፊሉ ጠብታ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ሳይነድ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይወጣል ወይም በፋሻዎቹ (በፒስተን ቀለበቶቹ) በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተህ አሽትት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለህ ዘይቱን ቀይር።

መልስ 2፦ ቴርሞስታቱን ከመመለስህ በፊት ለምን ይግል እንደነበር ፈልግ፤ አለዚያ ተመልሶ ይግላል። ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ቺንጋው (የፋኑና የውሃ ፓምፑ ቀበቶ) ላልቶ ወይም የራዲያተሩ ክዳን ደክሞ ይሆናል። ክዳኑን አትናቀው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ከያዘ ግን እስከ 114 ገደማ ይታገሣል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ብቻውን ሞተር ያፈላል።

የቴርሞስታቱ አገጣጠም ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 2 ሊትር ያህል ውሃ ቀንስ፤ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የሚገባበትን ቤት ቡሎኖች ፍታ፤ አሮጌውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ፍቀህ አጽዳ። ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር፣ ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ከፍ ባለው በኩል ትሁን። ከተገላበጠ ሙቀቱ ቫልቩን የሚከፍተው ሰም ጋ በጊዜ ስለማይደርስ ዘግይቶ ይከፍታል፣ ሞተሩም ይግላል።

መልስ 3፦ አዲሱንም ሳትሞክር አትግጠም። ክር በቫልቩ አፍ አስነክሰህ ድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው፤ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። ቫልቩ ሲከፈት ከክሩ ይወድቃል፤ ያኔ ቴርሞሜትሩን አንብብ። 82 የተጻፈበት 82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 ገደማ ላይ ነው። እዚህ ውሃው ከዚያ በፊት ስለሚፈላ ሙሉ ሲከፈት አታይም። ደህናው ቴርሞስታት «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ነው።

ጠያቂው፦ እናመሰግናለን። ሱቅ 76ም 88ም አለ። የቱን ልውሰድ?

መልስ 1፦ 82ቱን። 76 አሁን ያለብህን ቅዝቃዜ በከፊል እንዳለ ይተውብሃል። 88 ደግሞ ክዳኑ ትንሽ ከደከመ ለመፍላት ቅርብ ነው።

መልስ 2፦ ከገጠምክ በኋላ ታንኩን ሙላ፣ 200 ኪሎ ሜትር ነድተህ እዚያው ማደያ መልሰህ ሙላና ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር አካፍል። አሁንም 9 ከሆነ ካንዴላዎቹን (እሳት ሰጪዎቹን) አውጣ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ቤንዚን የሚያበዛው) ሙሉ በሙሉ መመለሱን እይ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተሠራ ዋና ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ) ይበዛባታል፤ በአንድ ቁጥር አነስ ያለ ሞክር።