ባዶ ወንበር እንደ ድምፀ ተዓቅቦ ይቆጠራል?

እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። የተመድ ቻርተር አንቀጽ 27(3) ከሥነ ሥርዓት ጉዳይ ውጪ ላለ ውሳኔ ከ15ቱ የጸጥታው ምክር ቤት አባላት የ9 ድምፅ፣ በዚያ ውስጥም የአምስቱን ቋሚ አባላት ስምምነት ይጠይቃል። ቃሉን እንዳለ ካነበብነው፣ አንድ ቋሚ አባል ድምፀ ተዓቅቦ ካደረገ ውሳኔው መውደቅ ነበረበት። በተግባር ግን ያልፋል፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1971 በናሚቢያ ጉዳይ ይህን አሠራር ተቀብሎታል። እስከዚህ ገብቶኛል።

የቸገረኝ እ.ኤ.አ. የ1950ው የኮሪያ ውሳኔ ነው፤ ማለትም ምክር ቤቱ ሰሜን ኮሪያ ደቡብ ኮሪያን ባጠቃች ጊዜ አባል አገሮች ደቡብ ኮሪያን እንዲረዱ ያሳለፈው። ቋሚ አባል የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ተዓቅቦ አላደረገችም፤ ጭራሽ ወንበሯ ባዶ ነበር። (ያኔ አባላቱ 11፣ የሚያስፈልገው ድምፅም 7 ነበር፤ ቁጥሩ እንዳያምታታችሁ።) መቅረትን ከተዓቅቦ እኩል የሚያደርገው የቻርተሩ ቃል ነው፣ ልማዳዊ አሠራር ነው፣ ወይስ የዘመኑ የኃይል ሚዛን? በፈተና ላይ ሕጋዊውንና ፖለቲካዊውን ማብራሪያ እንዴት ለይቼ ልጻፍ?